ጠፍጣፋው ወይስ ባለ ዓምዱ? በጨረራ መሐል ስለሚቆም ሲሊከን

እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 ከጄኔቫ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከመሬት በታች 100 ሜትር ያህል ጠልቆ በሚገኘው፣ ሰርን በሚባለው የምርምር ማዕከል የፕሮቶን አጋጪ ላይ ባለው የአትላስ ዲቴክተር እምብርት ውስጥ አንድ አዲስ የሲሊከን ንብርብር ገባ። አይቢኤል ይሉታል። የፕሮቶን ጨረር የሚያልፍበትን ቧንቧ ዙሪያውን የከበቡ 14 ቀጫጭን ተሸካሚዎች አሉት፤ ከጨረሩ የሚርቁትም 3.3 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ተሸካሚ ላይ መሐሉን የያዙት ፕላናር የሚባሉት ጠፍጣፋ ሴንሰሮች ናቸው። ሁለቱን ጫፎች የያዙት ደግሞ ስሪዲ የሚባሉት ባለ ዓምድ ሴንሰሮች ናቸው። ሦስት አራተኛው ጠፍጣፋ፣ አንድ አራተኛው ባለ ዓምድ። አንድ ዕቃ ለመሥራት የተሰበሰቡ ሰዎች ሁለት ዓይነት መልስ ጎን ለጎን መደርደራቸው በአጋጣሚ አልመጣም። ሁለቱም ወገን በቂ ማስረጃ ይዞ ቀርቧል፤ ስሪዲው ግን ከዚያ በፊት በአንድም የአጋጪ ሙከራ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር።

ክርክሩ ሲጠቀለል ይህ ነው፦ ለዓመታት ጨረራ በሚዘንብበት፣ ማንም በየቀኑ ገብቶ ሊጠግነው በማይችለው ቦታ የትኛው ሲሊከን ማየቱን ይቀጥላል? ጠፍጣፋውን የሚደግፉ አሉ፤ ባለ ዓምዱን የሚደግፉ አሉ፤ ሁለቱንም ወደ ጎን ብሎ «ማለቁ ካልቀረ በጊዜው የሚቀየር አድርገን እንሥራው» የሚል ሦስተኛ ወገንም አለ። ሦስቱም የሚናገሩት የሚናቅ አይደለም። እኔም የማደላበት አለኝ፤ ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ይሻላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ ሴንሰሩ ለምን ራቅ ተደርጎ አይቀመጥም? የማይቀመጠው ፊዚክሱ ስለማይፈቅድ ነው። የሂግስ ቅንጣት ከመቶ 58 ያህሉን ጊዜ የሚፈርሰው ወደ ቦተም ኳርክ ጥንድ ነው። ከዚህ ኳርክ የሚወለደው ቅንጣት ከግጭቱ ነጥብ ጥቂት ሚሊሜትር ያህል ተጉዞ ይበታተናል። ያቺን አጭር ጉዞ ለማወቅ የልጆቹን ቅንጣቶች መንገድ ወደ ኋላ እየሳሉ መነሻቸውን መፈለግ ያስፈልጋል፤ መስመሩ በትክክል የሚሳለውም የመጀመሪያው ነጥብ ለግጭቱ በጣም ቀርቦ ሲለካ ነው። የመጀመሪያው ንብርብር በአንድ ሴንቲሜትር እንኳ ቢርቅ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ጨረራው ደግሞ ወደ ውስጥ በቀረቡ ቁጥር በፍጥነት ይበረታል። ጥሩ እይታና ረጅም ዕድሜ ከመነሻው የሚጣሉት ለዚህ ነው።

የጨረራው መጠን እንዴት እንዳደገ እንይ። የአትላስ የመጀመሪያው ፒክስል ዲቴክተር (ሲሊከኑ ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተከፈለበት) የተሠራው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 1 ሺሕ ትሪሊዮን ኒውትሮን የሚያደርሰውን ጉዳት እንዲችል ታስቦ ነበር። እዚህ የሚቆጠረው 1 ሚሊዮን ኤሌክትሮንቮልት ኃይል ያለው ኒውትሮን ነው፤ ፕሮቶንም ሆነ ሌላ ቅንጣት የሚያደርሰው ጉዳት ወደዚህ መለኪያ ይመነዘራል። ለአይቢኤል የተሰጠው ልክ ወደ 5 ሺሕ ትሪሊዮን አደገ። በ2030 ሥራ ይጀምራል ተብሎ በታቀደው በተሻሻለው የሰርን አጋጪ ግን በጣም ቅርቡ ንብርብር 20 ሺሕ ትሪሊዮን ገደማ ሊደርስበት ይችላል። ሁለት የፕሮቶን ጥቅሎች በተላለፉ ቁጥር እስከ 200 ግጭት ይፈጠራል፤ ጥቅሎቹ የሚተላለፉትም በየ25 ቢሊዮንኛ ሰከንዱ ነው። ከመጀመሪያው ዲቴክተር ጋር ሲነጻጸር 20 እጥፍ ያህል ጉዳት መሆኑ ነው።

ሲሊከን በዚህ ውስጥ ምን ይሆናል? የሲሊከን ክሪስታል አተሞቹ በሥርዓት የተደረደሩበት ነው። አንድን አተም ከቦታው ለማፈናቀል 25 ኤሌክትሮንቮልት ያህል ይበቃል፤ የሚመጡት ቅንጣቶች ግን ከዚህ በሚሊዮን እጥፍ የሚበልጥ ኃይል አላቸው። የተፈናቀለው አተም ሌሎችን ይገፋል፤ ባዶ የቀረው ቦታ ከኦክስጅን፣ ከፎስፈረስና ከሌሎች ባዕድ አተሞች ጋር እየተጣመረ ቋሚ ጉድለት ይሆናል። ከዚህ ሦስት መዘዞች ይወለዳሉ። በሴንሰሩ ውስጥ ያለ ምልክት የሚሾልከው ኤሌክትሪክ ከጨረራው ጋር በቀጥታ ያድጋል። የኤሌክትሪክ መስኩ ሙሉውን ውፍረት እንዲሸፍን የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ከፍ እያለ ይሄዳል። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው፣ ቅንጣቱ ሲያልፍ የለቀቃቸው ኤሌክትሮኖች ወደ መሰብሰቢያው ሳይደርሱ ጉድለቶቹ ውስጥ ተይዘው መቅረታቸው ነው።

የክርክሩ ሁሉ እምብርት ይህ ሦስተኛው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንድ ፈጣን ቅንጣት በሲሊከን ውስጥ ሲያልፍ በየማይክሮሜትሩ 75 ያህል ኤሌክትሮኖችን ነጻ ያወጣል። ሴንሰሩ 150 ማይክሮሜትር ውፍረት ቢኖረው 11 ሺሕ ገደማ ማለት ነው። አዲስ ሴንሰር እነዚህን ሁሉ ይሰበስባል። ከ10 ሺሕ ትሪሊዮን ኒውትሮን በኋላ ግን ኤሌክትሮኑ ወጥመድ ውስጥ ሳይገባ የሚቆየው ከአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ በታች ለሆነች ቅጽበት ነው። በሲሊከን ውስጥ ሊሮጥ የሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ 100 ማይክሮሜትር ያህል ስለሆነ፣ ቮልቴጁን የቱንም ያህል ብንጨምር በአማካይ የሚጓዘው ጥቂት አሥር ማይክሮሜትሮችን ብቻ ነው። ከዚያ ርቆ የተወለደ ኤሌክትሮን ለምልክቱ የሚያዋጣው እያነሰ ይሄዳል። የሴንሰሩን ምልክት የሚያነበው ቺፕ ደግሞ ምልክትን ከሁከት ለመለየት 1,000 ኤሌክትሮን አካባቢ ይፈልጋል። ሕይወትና ሞት የሚለዩት በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ነው።

አሁን ወደ ጠፍጣፋው ወገን። በፕላናር ሴንሰር መሰብሰቢያዎቹ ከላይና ከታች ባሉት ገጾች ላይ ተነጥፈዋል፤ ኤሌክትሮኑ ውፍረቱን ተሻግሮ ይደርሳል። ደጋፊዎቹ የሚያነሡት የመጀመሪያ ነጥብ ተራ ይመስላል፤ እኔ ግን እጅግ ከባድ ነው እላለሁ፦ ይህን ዕቃ መሥራት የሚችል ፋብሪካ ብዙ ነው። የቺፕ ኢንዱስትሪ ለአሥርተ ዓመታት ያጠራው ዘዴ ስለሆነ፣ ብዙ ካሬ ሜትር የሚሸፍን ሴንሰር በተመጣጣኝ ዋጋና ብልሽቱ በጥቂቱ ሊመረት ይችላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ጠፍጣፋው ሴንሰር ባለበት አልቆመም። የመጀመሪያው የአትላስ ፒክስል 250 ማይክሮሜትር ውፍረት ነበረው፤ የአይቢኤሉ ወደ 200 ወረደ፤ ለሚቀጥለው ዲቴክተር የተመረጡት 150 እና 100 ማይክሮሜትር ናቸው። መንገዱ ሲያጥር ወጥመዱም ያንሳል። የሲሊከኑ ዓይነትም ተቀይሯል፦ አሁን የሚሠራው በአንድ ገጹ ብቻ እየተቀረጸ ዋጋው የሚቀንስ፣ ጨረራው ከበረታበትም በኋላ ኤሌክትሮኖችን በፒክስሉ በኩል የሚሰበስብ ነው።

አንድ ያልተጠበቀ ነገርም አግዟቸዋል። በሰርን ጥላ ሥር ከ2002 እስከ 2023 የሠራው አርዲ50 የሚባለው የምርምር ኅብረት ክፉኛ የተጎዱ ሴንሰሮችን በከፍተኛ ቮልቴጅ ሲፈትን፣ አንዳንዶቹ ወጥመዱ ብቻ ቢቆጠር ይሰጣሉ ተብሎ ከሚገመተው በላይ ምልክት ሰጡ። በጣም የበረታው መስክ ኤሌክትሮኖቹን በጉዞ ላይ አባዝቷቸው ነበር። ጉዳቱ ራሱ መስኩን በአንድ ጠባብ ክልል ስላጠነከረው ነው ይህ የሆነው። ይህ ግኝት ብዙዎች «ጠፍጣፋው አበቃለት» በሚሉበት ሰዓት ዕድሜ ቀጥሎለታል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚገዛው በቮልቴጅ ነው። ከ10 ሺሕ ትሪሊዮን በላይ ጨረራ የጠጣ ጠፍጣፋ ሴንሰር 600 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ችግሩ በሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው፣ ሴንሰሩና አንባቢው ቺፕ ፊት ለፊት የሚተያዩት በጥቂት አሥር ማይክሮሜትር ክፍተት ብቻ ነው። የሴንሰሩ ጠርዝ በመቶዎች ቮልት ላይ ሳለ ቺፑ ዜሮ ላይ ስለሆነ የእሳት ብልጭታ ሊዘል ይችላል፤ ይህን ለመከላከል የሚከልል ሽፋን መጨመር ግድ ይላል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። የሚሾልከው ኤሌክትሪክ በቮልቴጁ ሲባዛ ሙቀት ይሆናል። የሚሾልከው ደግሞ ሴንሰሩ በ7 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። የበለጠ መሹለክ የበለጠ ሙቀት ያመጣል፤ የበለጠ ሙቀት ደግሞ የበለጠ መሹለክን። ማቀዝቀዣው ከዚህ ክብ ቀድሞ ካልተገኘ ሴንሰሩ ከቁጥጥር ይወጣል። ዲቴክተሮቹ በሚተን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ እንዲቀዘቅዙ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራ ላይ ባልሆኑበትም ጊዜ በክፍል ሙቀት ለረጅም ጊዜ መቆየት የለባቸውም፤ ጉድለቶቹ ቀስ በቀስ እየተለዋወጡ የሚያስፈልገውን ቮልቴጅ ጭራሽ ያንሩታልና።

ባለ ዓምዱ ወገን መልሱን ያገኘው በ1997 ነው። በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሸርዉድ ፓርከር ከባልደረቦቹ ክሪስቶፈር ኬኒና ጁሊ ሲጋል ጋር ያሳተመው ሐሳብ ቀላል ነበር፦ መሰብሰቢያዎቹን ገጹ ላይ ከማንጠፍ ይልቅ በሲሊከኑ ሆድ ውስጥ እንደ ዓምድ አቁማቸው። ሩቅ ካለ ወንዝ ውኃ ሲቀዳ ግማሹ በመንገድ የሚፈስበት መንደር በየሦስት ቤቱ ጉድጓድ ቢቆፈርለት እንደሚያርፍ ሁሉ፣ እዚህም ኤሌክትሮኑ ውፍረቱን ትቶ ወደ ጎን፣ ወደ ቅርብ ዓምድ ይሮጣል። የጉዞው ርዝመት ከውፍረቱ ጋር አይገናኝም፤ በዓምዶቹ መካከል ባለው ርቀት ይወሰናል፤ እሱም 50 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩ 150 ማይክሮሜትር ወፍሮ ብዙ ኤሌክትሮን ያመነጫል፤ ኤሌክትሮኑ ግን አጭር መንገድ ይሄዳል። ምልክትና ርቀት እንዲህ መለያየታቸው የዚህ ሐሳብ ውበት ነው፤ በግሌ በዚህ ሙያ ውስጥ ካሉት ሐሳቦች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ከዚህ የሚገኘው ትልቁ ትርፍ የቮልቴጁ ማነስ ነው። ጠፍጣፋው 600 ቮልት በሚጠይቅበት ቦታ ባለ ዓምዱ ከ200 ቮልት በታች ይሠራል። ቮልቴጁ ሲያንስ ሙቀቱ ያንሳል፣ የብልጭታው ስጋትም ይቀላል።

ዕዳው ግን እውነተኛ ነው። ዓምዶቹን ለማቆም በሲሊከኑ ውስጥ ስፋታቸው ከ10 ማይክሮሜትር የማይበልጥ፣ ጥልቀታቸው ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቀዳዳዎች በጋዝ ፕላዝማ መቆፈር አለባቸው። እያንዳንዱ ፒክስል ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ከሺዎች አንዱ ቢበላሽ ሴንሰሩ በሙሉ ሊጣል ይችላል። ይህን በብቃት የሚሠሩት ጥቂት ተቋማት ናቸው፦ ትሬንቶ ጣሊያን ያለው ኤፍቢኬ፣ ባርሴሎና ያለው ሲኤንኤም፣ ኦስሎ ያለው ሲንቴፍ። ሥራው ረጅም፣ ዋጋው ውድ ነው። ዓምዶቹ ተቀራርበው መቆማቸው ካፓሲታንሱን (ኤሌክትሪክ የማከማቸት አቅሙን) ስለሚያሳድግ ሁከቱ ይጨምራል። ቅንጣቱ ቀጥ ብሎ በዓምዱ ሆድ ውስጥ ካለፈም ምልክቱ ይጠፋል ወይም ይዳከማል፤ ሴንሰሩን ትንሽ በማዘንበል ይህን ማሸነፍ ቢቻልም፣ በጠፍጣፋው ሴንሰር ግን እንዲህ ያለ ጭንቀት የለም። «አሥር ካሬ ሜትር በዚህ ሸፍኑ» ቢባል ሊሸፍን የሚችል የለም።

ታዲያ አይቢኤል ራሱ ምን አሳየ? ሁለቱም ዓይነት ሴንሰሮች ቆሙ። የመጀመሪያው ከባድ ፈተና የመጣው ማንም ባልጠበቀው በኩል ነበር፦ በ2015 አንባቢዎቹ ቺፖች የሚወስዱት ኤሌክትሪክ እየጨመረ ሄዶ ንብርብሩ ለጊዜው እስከ መጥፋት ደረሰ። ሴንሰሩ ንጹሕ ነበር። ጨረራው በቺፑ ትራንዚስተሮች መከለያ ውስጥ ኤሌክትሪካዊ ሙሌት እያከማቸ መሹለክን ፈጥሯል፤ ከተወሰነ መጠን በኋላ ችግሩ ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ እስከዚያ ድረስ ሙቀቱንና ቮልቴጁን እያስተካከሉ ማለፍ ነበረባቸው። በዚያው አጋጪ ላይ ያለው የሲኤምኤስ ዲቴክተርም ተመሳሳይ ትምህርት አግኝቷል። በ2017 መጀመሪያ በገባው አዲሱ ፒክስል ዲቴክተር ውስጥ በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ኃይል የሚያድሉት መለወጫዎች መበላሸት ጀመሩ። ምክንያቱ በጨረራ የተጎዳ አንድ ትራንዚስተር ሆኖ ተገኘ። ስለ ሴንሰሩ ለሃያ ዓመት ስንከራከር፣ ሁለቱን ትልልቅ ሙከራዎች ያስጨነቁት በዙሪያው ያሉት ናቸው።

ይህን የማነሣው ክርክሩ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። «ጨረራ መቻል» የሴንሰሩ ብቻ ባሕርይ ተደርጎ መታየቱ ግን ያሳስበኛል። ሴንሰር፣ ቺፕ፣ ማቀዝቀዣ፣ ገመድ አንድ ላይ ካልቆሙ አንዱ ብቻውን መቆሙ ምንም አይጠቅምም። ለአዲሱ ዘመን ቺፕ የሠራው፣ በ2013 የተመሠረተው አርዲ53 የተባለው የአትላስና የሲኤምኤስ የጋራ ኅብረት ያስቀመጠው ግብ ቢያንስ 500 ሚሊዮን ራድ መቻል ነበር። ሰውን ሊገድል ከሚችለው መጠን አንድ ሚሊዮን እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ቺፕ መሥራት ከሴንሰሩ ያልተናነሰ ትግል ጠይቋል።

ወደ ውሳኔው ልምጣ። አትላስ ለአዲሱ ዲቴክተሩ በጣም ቅርብ ለሆነው ንብርብር ባለ ዓምዱን መረጠ፤ ለሁለተኛው 100 ማይክሮሜትር፣ ከዚያ ውጭ ላሉት 150 ማይክሮሜትር ጠፍጣፋ። ሲኤምኤስም ለመሐለኛው ክፍል የመጀመሪያ ንብርብር ባለ ዓምዱን፣ ለቀረው ጠፍጣፋውን መረጠ። በአንድ ቀለበት ላይ የሚፎካከሩ ሁለት ሙከራዎች በየራሳቸው መርምረው ወደ አንድ መልስ መምጣታቸው በእኔ ሚዛን ትልቅ ክብደት አለው። ለሲኤምኤስ ከወሳኞቹ ምክንያቶች አንዱ ሙቀቱ ነበር፦ ጠፍጣፋው ሴንሰር ምልክት መስጠቱን ቢቀጥል እንኳ፣ በዚያ ቮልቴጅ የሚያወጣውን ሙቀት ማቀዝቀዣው እስከ መጨረሻው ድረስ ያሸንፈዋል ብሎ መተማመን ከበደ።

እዚህ ላይ የጠፍጣፋው ጠበቃ ዝም አይልም፤ ዝምም ማለት የለበትም። «ኤልኤችሲቢን እዩ» ይላል። በዚያው ቀለበት ላይ ያለው የኤልኤችሲቢ ቬሎ ዲቴክተር ከ2022 ጀምሮ 41 ሚሊዮን ፒክስሎች ይዞ ከጨረሩ 5.1 ሚሊሜትር ብቻ ርቆ ይሠራል። ሴንሰሮቹ 200 ማይክሮሜትር ውፍረት ያላቸው ጠፍጣፋ ናቸው። በጣም የሚጎዳው ጫፋቸው እስከ 8 ሺሕ ትሪሊዮን እንዲችል፣ እስከ 1,000 ቮልትም እንዲሸከም ታቅዷል። ይህን የቻለው በሲሊከን ሰሌዳ ውስጥ በተቀረጹ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ቦዮች ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየፈሰሰ ስለሚያቀዘቅዘው ነው። መከራከሪያው ጠንካራ ነው፦ ችግሩ ሙቀት ከሆነ መልሱ የተሻለ ማቀዝቀዣ እንጂ ውድ ሴንሰር ላይሆን ይችላል። ልዩነቱን ግን ማየት ይገባል። በቬሎ ጨረራው የሚበረታው በጫፉ ላይ ነው፤ ወደ ውጭ ሲሄዱ በፍጥነት ይወርዳል። የአትላስና የሲኤምኤስ ቅርብ ንብርብር የሚደርስበት ደግሞ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ነው፤ ሴንሰሩም በሙሉ ስፋቱ ይቀበለዋል።

ለሁለቱም ወገኖች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የሚጠቅሱት ማስረጃ በአብዛኛው የሚመጣው ሴንሰሩን በሉብልያና በሚገኝ የምርምር ሪአክተር ኒውትሮን ውስጥ ወይም በካርልስሩህና በሰርን የፕሮቶን ጨረር ውስጥ በማስቀመጥ ነው። በዓመታት የሚመጣው ጉዳት በሪአክተሩ በሰዓታት ውስጥ ይሰጣል። ይህ ያለ አማራጭ የተያዘ መንገድ ነው፤ ነገር ግን በዘጠናዎቹ መጨረሻ የተገኘውን ትምህርት መርሳት አይገባም። ያኔ አርዲ48 የተባለው ኅብረት ኦክስጅን የተጨመረበት ሲሊከን የፕሮቶንን ጉዳት በጣም እንደሚያቃልል አሳየ፤ በኒውትሮን ሲፈተን ግን ያ ጥቅም አልታየም። ሁሉም ጨረራ ወደ አንድ መለኪያ በትክክል አይመነዘርም ማለት ነው። በአጋጪው ውስጥ ደግሞ ሁለቱም ተደባልቀው ነው የሚመጡት። በፈተና ወንበር ላይ በጠባብ ልዩነት ያሸነፈ ሴንሰር በዋሻው ውስጥ ያሸንፋል ብሎ መማል አይቻልም።

ሦስተኛውን ወገን የምሰማው ለዚህ ነው። አትላስ ሁለቱን የውስጥ ንብርብሮች የነደፈው በአጋጪው ዕድሜ አጋማሽ ላይ እንዲቀየሩ አድርጎ ነው። ሲኤምኤስም ፒክስል ዲቴክተሩን እየተጎተተ እንዲወጣ አድርጎ መሥራቱ ጠቅሞታል፦ በ2017 የተበላሹትን የኃይል መለወጫዎች በቀጣዩ የክረምት እረፍት ዲቴክተሩን አውጥቶ ሁሉንም ቀየራቸው፤ ቆይቶም ወደ 2021 ላይ የመጀመሪያውን ንብርብር በአዲስ ተካው። የሚቀየር ዕቃ ሁሉንም ጉዳት ከመነሻው መገመት አይጠበቅበትም። በመሐሉ የተሻለ ቴክኖሎጂ ቢመጣ የሚገባበት በር አለው።

ይህ ማለት ግን መቀየር በነጻ ይገኛል ማለት አይደለም። ለመቀየር አጋጪው መቆም አለበት፤ የአንድ ወር መቆም ለሺዎች ተመራማሪዎች የጠፋ መረጃ ነው። ለዓመታት ጨረራ የጠጣ ቦታ ራሱ ጨረራ ያመነጫል፤ ቴክኒሻኖች የሚገቡት በተቆጠረ ጊዜና በጥብቅ ቁጥጥር ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ያንኑ ቺፕ የሚያመርት ፋብሪካ መስመሩን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ዕቃውን የሠሩት እጆችም በጡረታ ወይም በሌላ ሥራ ተበትነው ይጠብቃሉ። ባለ ዓምዱን ከሚሠሩት ጥቂት ተቋማት አንዱ ቢያቆም ደግሞ ክፍተቱን የሚሞላው በቀላሉ አይገኝም። «እንቀይረዋለን» የሚለው ቃል ባዶ የማይሆነው እነዚህ ሁሉ ከአሁኑ በበጀትና በሰው ኃይል ሲታሰቡ ነው።

ሌሎች ተፎካካሪዎች የሉም አልልም። አልማዝን ከ1994 ጀምሮ የሚያጠናው አርዲ42 የተባለው ኅብረት ጥሩ ውጤት አለው፦ አልማዝ በቀላሉ አይጎዳም፣ የሚሾልከው ኤሌክትሪክም ከምንም አይቆጠርም፤ ነገር ግን በየማይክሮሜትሩ የሚሰጠው ምልክት የሲሊከንን ግማሽ ያህል ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው። በአትላስም በሲኤምኤስም የጨረሩን ሁኔታ የሚከታተሉ ትንንሽ መሣሪያዎች ውስጥ ቦታውን አግኝቷል፤ ከዚያ አላለፈም። ሴንሰሩንና ቺፑን በአንድ ሲሊከን ላይ የሚያዋህደው መንገድ በዚያው አጋጪ ላይ ባለው የአሊስ ዲቴክተር 12.5 ቢሊዮን ፒክስሎችን በ10 ካሬ ሜትር ላይ ዘርግቷል፤ እጅግ ቀጭንና ርካሽ ነው። የአሊስ ጨረራ ግን ከአትላስ ቅርብ ንብርብር በሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው፤ ጨረራ ለመቻል የተሻሻሉት ዓይነቶቹ የተፈተኑትም በ1 ሺሕ ትሪሊዮን አካባቢ ነው። በ1998 የበርን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሞተ ሴንሰር ከ130 ኬልቪን በታች ሲቀዘቅዝ ነፍስ ሲዘራ አይተው በአልዓዛር ስም ጠርተውታል፤ ዲቴክተርን በሙሉ በዚያ ቅዝቃዜ መያዝ ግን ሌላ ሸክም ነው።

ለወደፊቱ በሚታሰበውና 100 ኪሎሜትር በሚጠጋው የፕሮቶን አጋጪ ደግሞ በጣም ቅርቡ ንብርብር የሚጠብቀው ጨረራ አሁን ከምንከራከርበት በብዙ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ነው። ያን የሚችል ሴንሰር ዛሬ የለም፤ ጠፍጣፋውም ባለ ዓምዱም እንዳሉ ተወስደው አይበቁም። ይህን በግልጽ መናገር ደስ ባይልም፣ አርዲ50ን የተካው ዲአርዲ3 የሚባለው ኅብረት ሥራውን የጀመረው ይህን ተቀብሎ ነው።

ፍርዴን ልስጥ። ለጨረሩ በጣም ለቀረበው ንብርብር ባለ ዓምዱን መምረጥ ትክክል ነበር። ትክክል ያደረገው ምልክቱ ብቻ ሳይሆን በዝቅተኛ ቮልቴጅ መሥራቱና ሙቀቱን በቁጥጥር ሥር ማዋሉ ነው። ከዚያ ውጭ ላለው ሰፊ ቦታ ጠፍጣፋውን ማስቀመጥም እንዲሁ ትክክል ነው፤ ለ13 ካሬ ሜትር ያህል የሚሆን የአትላስ ፒክስል ባለ ዓምድ ሴንሰር መፈለግ የሌለንን መመኘት ነበር። ከሁለቱም በላይ ግን ዋስትና የምሰጠው ለመቀየር መብቃቱ ነው። በአይቢኤልና በሲኤምኤስ የታየው ችግር ሁሉ አስቀድሞ ባልተገመተ ቦታ የመጣ ስለሆነ፣ ሊገመት የማይችለውን የሚያሸንፈው ወደ ውስጥ ገብቶ ማስተካከል መቻል ብቻ ነው። በሙከራዎቹ የገንዘብ ኮሚቴዎች ፊት የሁለተኛው ዙር ንብርብር ወጪ ሲቀርብ፣ አሥር ዓመት የሚርቅ ዕቃ ነውና ለመቁረጥ የሚቀለው እሱ ይሆናል። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡ ሁሉ ይህን መስመር እንዳይነኩት፣ ትሬንቶ፣ ባርሴሎናና ኦስሎ ያሉት ጥቂት እጆችም እስከዚያ ሥራ እንዳይፈቱ ከአሁኑ እንዲያስቡበት አደራ እላለሁ።